አምስተኛው ወራሽ

ለአነስተኛ ውርስ፣ ለጠበቃ ስንት?

የዚህ ወር ጨዋታችን ሐዘን ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ስለሚነሣ ጉዳይ ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ አርባው ከወጣ በኋላ አንዱ ይደፍርና "እንግዲህ ስለ እማዬ ነገር እንነጋገር" ይላል። ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። የሟች ገንዘብ ማንሣት ነውር ይመስላል፤ ካልተነሣ ደግሞ ውሎ አድሮ ጠብ ይሆናል። በዚህ ዓምድ የሰው ታሪክ ስነግራችሁ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ቤት ልንገራችሁ።

እናታችን ካረፈች ዓመት አልፏል። ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ለደንበኞቿ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ የቤቱ ምሰሶ እሷ ብቻ ነበረች። የኖረችበት ቤት የቀበሌ ነው። መሬት የላትም፣ መኪና የላትም። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ የባንክ ደብተር አገኘን። 240 ሺህ ብር ይላል። ለራሷ ጫማ ለመግዛት ሦስት ጊዜ የምታስብ ሴት ይህን ሁሉ መቼ እንዳጠራቀመችው አንዳችንም አናውቅም ነበር። ደብተሩን ከበን አለቀስን።

ባንክ ቤት ስንሄድ ሠራተኛዋ "ነፍስ ይማር" ብላን፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘን እንድንመጣ ነገረችን። እኛ ደግሞ ፍርድ ቤትን የምናውቀው በሩቁ ነው። የታላቅ ወንድሜ የሥራ ባልደረባ "ይኼን የሚጨርስ ሰው አውቃለሁ" አለና ከፍርድ ቤት አጠገብ ካለ አንድ ካፌ አገናኘን። ሰውየው ልብሱ ያማረ፣ ንግግሩ የጣፈጠ ነው። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ዋጋውን ነገረን፤ ከሚገኘው ገንዘብ 20 በመቶ ለእሱ፣ ወጪው ደግሞ ለብቻው። ጠበቃ ይሁን ጉዳይ ገዳይ፣ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ እኛ አልጠየቅንም። እሱም አልነገረን።

ቀጥሎ ስንት ወራሾች እንደሆንን ጠየቀ። በሕይወት ያለነው ሦስት ነን፦ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህታችን። አራተኛው ወንድማችን ከእናታችን ቀድሞ ነው ያረፈው፤ የ11 ዓመት ልጅ ትቷል። ሰውየው ፊቱን ቋጠረ። "ልጁ ከገባበት ነገሩ ይረዝማል። ሦስት ብቻ ነን በሉ፤ ቶሎ ያልቃል። የልጁን ነገር በኋላ እርስ በርሳችሁ ትጨርሱታላችሁ" አለን።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ወንድሜም ዝም አለ። ሁለታችንም ችግር ነበረብን፤ ሁለታችንም "በኋላ" የምትለው ቃል ተመችታን ነበር።

ያዳነን አጎታችን ናቸው። የእናታችን ታናሽ ወንድም፣ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ፣ ሒሳብ የማይዛነፍባቸው ሰው ናቸው። ማታ ቤት ተሰብስበን ስንነግራቸው ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። 240 ሺህ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 60 ሺህ ነው። 20 በመቶው 48 ሺህ ይሆናል። እሱ ከተነሣ 192 ሺህ ይቀራል፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 48 ሺህ። ወረቀቱን አዞሩና አሳዩን።

"የእናንተ ድርሻ 48፣ የእሱም 48። እህቴ የወለደችው አራት ነው። አምስተኛው ከየት መጣ?" አሉን። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያንን ልጅ ከተዋችሁት ደግሞ፣ የልጅ ልጇ ወጥቶ ይኼ ሰው ገባ ማለት ነው" አሉ።

ያን ማታ ማንም ራቱን በደንብ አልበላም። እኔም ከዚያ ወዲህ ነው የአነስተኛ ውርስን የጠበቃ ክፍያ ጉዳይ ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ተመላልሼ የተማርኩት። ለእናንተም ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

ሥራው ምን ያህል ነው?

የክፍያን ነገር ከማንሣታችን በፊት የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ይበጃል። ጠብ በሌለበት ቤተሰብ ውስጥ የባንክ ገንዘብ ለመውረስ የሚያስፈልገው ሥራ ካሰብነው በጣም ያነሰ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 996 ወራሽ የሆነ ሰው ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤት እንዲሰጠው መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ውርስ የሚከፈተው ሟች ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ክርክር የሌለበትን የወራሽነት ማስረጃ ጥያቄ የሚያየው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሟች ሙስሊም ከነበረና ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ጉዳይ ማየት ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው በአጭሩ አቤቱታ፣ ቃለ መሐላ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከሟች ጋር ያለውን ዝምድና የሚያሳይ ማስረጃና ምስክሮች ናቸው። ፍርድ ቤቱ እንደ ነገሩ ሁኔታ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ሊያዝም ይችላል። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ የሕግ ዕውቀት የሚጠይቀው አቤቱታውና ቃለ መሐላው ነው። የቀረው እግር ይፈልጋል። ወረዳ መመላለስ፣ ፎቶ ኮፒ ማንሣት፣ ምስክር ለምኖ ማምጣት የቤተሰብ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ለጠበቃ ከሰጣችሁት ዋጋው የጠበቃ ዋጋ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። እኛ በሐዘን ተይዘን ስላዘገየነው ነው መጀመሪያ የተንገላታነው። እናንተ አትርሱት።

ሦስት ዓይነት አከፋፈል

አንደኛው ቁርጥ ክፍያ ነው። "አቤቱታ ጽፌ፣ ቀጠሮ ቆሜ፣ ማስረጃውን እስካስረክባችሁ ይህን ያህል" ይባላል። ስምምነት ላለበት አነስተኛ ውርስ የሚስማማው ይኼ ነው። ምክንያቱም ሥራው ተለክቶ የሚታወቅ ነው። ባንክ ያለው ገንዘብ 100 ሺህም ይሁን 1 ሚሊዮን፣ የሚጻፈው አቤቱታ ያው ነው።

ሁለተኛው በመቶኛ ነው። ይህ አከፋፈል በራሱ ነውር የለበትም። ንብረቱን ሌላ ሰው ይዞት፣ ጠበቃው ለዓመታት ተሟግቶ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ባለጉዳዩም የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ከሌለው ሁለቱንም ሊጠቅም ይችላል። ባንክ ውስጥ ቁጭ ያለ፣ ማንም ያልካደው ገንዘብ ላይ መቶኛ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚመለስ የተወሰደ ነገር በሌለበት "ካስመለስኩት ላይ" ማለት ነው።

ሦስተኛው በየደረጃው የሚከፈል ነው። ለምክር ይህን ያህል፣ ለአቤቱታ ይህን ያህል፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ይህን ያህል ይባላል። ራሳችሁ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ድፍረቱ ካላችሁ፣ አቤቱታውን ብቻ አስጽፋችሁ የቀረውን በራሳችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ባለጉዳይ ራሱ እንዳይቀርብ የሚከለክለው የለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም የቅርብ ቤተሰብ በውክልና እንዲቀርብ ይፈቅዳል።

መቶኛው ከምን ላይ?

በመቶኛ ለመስማማት ካሰባችሁ፣ መቶኛው የሚሰላበትን ነገር አጥርታችሁ ዕወቁ። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሟች ቤት ውስጥ የተገኘ ሁሉ ውርስ አይደለም።

መጀመሪያ የባል ወይም የሚስት ግማሽ አለ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ንብረት ግማሹ የትዳር ጓደኛ ነው፤ ይህ ውርስ ሳይሆን የራስ ሀብት ነው። ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ ኑዛዜ ከሌለ በሕጋችን ባል ወይም ሚስት በወራሽነት ተራ ውስጥ አይገቡም፤ የሚወስዱት ያንን የራሳቸውን ግማሽ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ባፈሩት 400 ሺህ ብር ላይ ውርሱ 200 ሺህ ነው። ጠበቃው 10 በመቶ ቢል ከ200 ሺህ ላይ 20 ሺህ እንጂ ከ400 ሺህ ላይ 40 ሺህ ሊሆን አይገባም። የመበለቲቱ ግማሽ የማንም ሥራ ውጤት አይደለም።

ሁለተኛው ጡረታ ነው። በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛ ወይም ለዘመድ የሚከፈል ጡረታና ካሣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 መሠረት የውርሱ ሀብት ክፍል አይደለም። የሕይወት ኢንሹራንስም ተጠቃሚው ተለይቶ ከተጻፈበት የሚሄደው ወደዚያው ሰው ነው። እነዚህን በውርስ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ መቶኛ መቁጠር ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ዕዳ ነው። ሟች የተበደረው፣ የእቁብ ቀሪ፣ የቤት ኪራይ፣ የሐኪም ቤት ሒሳብ ካለ ከውርሱ ላይ ይነሣል። ስምምነታችሁ "ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ከሚቀረው" የሚል ካልሆነ፣ ለወራሽ ምንም ሳይተርፍ ለጠበቃ የሚከፈልበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ከማን ኪስ ይወጣል?

ሕጉ የውርስ ዕዳ የሚከፈልበትን ተራ አስቀምጧል። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ የቀለብ ጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ የኑዛዜ ስጦታ ነው። የቀብር ወጪውም ከሟች የኑሮ ደረጃ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምርላችሁ። ተዝካር በሕጉ ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። አንዱ ልጅ በስሜት ተነሣስቶ ድንኳን ጥሎ፣ በሬ ጥሎ፣ በኋላ "ከውርሱ ይተካልኝ" ቢል ሌሎቹ እምቢ የማለት መብት አላቸው። ተዝካር አታውጡ እያልኩ አይደለም፤ ከመውጣቱ በፊት ከማን ኪስ እንደሚወጣ ተነጋገሩ ነው የምለው።

የጠበቃም ነገር እንዲሁ ነው። ጠበቃው የሠራው ለሁሉም ወራሾች ከሆነና ሁሉም ከተስማሙ፣ ክፍያው ከጋራው ገንዘብ ቢነሣ ተገቢ ነው። አንዱ ወራሽ ሌላውን ለመሟገት ያቆመው ጠበቃ ግን የአቋሚው ወጪ ነው። በክርክር የረታ ወገን ወጪና ኪሳራ እንዲተካለት መጠየቅ ይችላል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። የከፈላችሁትን ሁሉ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ።

ክርክሩ ሲጠና ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ ሊሾም ይችላል። እሱም ለሥራው ይከፈለዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት ጠበቃ፣ አንድ አጣሪ፣ በየቀጠሮው ከሥራ መቅረት። ለ240 ሺህ ብር! የተጣሉት ወንድማማቾች ሁለቱም ተሸናፊ ይሆናሉ።

ልጁን አትርሱት

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 መሠረት ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ የለም። ከጋብቻ ውጪ የተወለደውም ልጅ ነው፤ በጉዲፈቻ የመጣውም ልጅ ነው። ከልጆቹ አንዱ ከወላጁ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ተተክተው ድርሻውን ይወስዳሉ። የወንድሜ ልጅ ለእናታችን ሩቅ ዘመድ አይደለም። የአባቱ ወንበር የእሱ ነው።

ሁለተኛ የሄድንባት ጠበቃ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነገረችን። መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ ገንዘቡ መጠን አልነበረም። "እናታችሁ ስንት ልጅ ወለዱ? የሞተ አለ? ልጅ ትቷል?" አለች። ወንድሜ እየፈራ፣ ልጁን ብንተወው ይቀል እንደሆነ ጠየቃት። ብዕሯን አስቀመጠች። "ይኼ ቃለ መሐላ ነው ጋሼ። እናንተ ትምላላችሁ፣ ምስክሮቻችሁም ይምላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት አላዘጋጅም፤ ሌላም ሰው ቢያዘጋጅላችሁ ልጁ አድጎ ይጠይቃችኋል" አለችን። በሐሰት የተገኘ የወራሽነት ማስረጃ በፍርድ ቤት ሊሰረዝ ይችላል፤ በሐሰት መማልም ወንጀል ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ በየበዓሉ አንድ ማዕድ ላይ የምታገኙት ልጅ ነው።

ደግሞም ያ ሰው እንዳስፈራራን አልረዘመም። ሕፃን ልጅ አንደኛው ወላጁ ሲሞት በሕይወት ያለችው እናቱ ሞግዚቱና አሳዳሪው ናት። የወንድሜ ባለቤት በልጇ ስም አብራን አመለከተች። በቃ።

ዱባይ ያለችው እህታችንም እዚያው ካለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ለታላቅ ወንድማችን ውክልና ላከች። ውክልናው እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በውልና ማስረጃ ተመዘገበ። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ ውክልናው ውስጥ ምን ምን እንደሚጻፍ ከመላኩ በፊት ጠበቃ ጠይቁ። "ፍርድ ቤት እንዲቀርብልኝ" ብሎ "ገንዘብ እንዲቀበልልኝ" የማይል ውክልና ባንክ በር ላይ ይመልሳችኋል። ሁለተኛ ማስላክ ደግሞ ሁለተኛ ወጪ ነው።

ጠበቃ ግድ የሚሆነው መቼ ነው?

ይህን ሁሉ ብዬ "ጠበቃ አያስፈልግም" የምል እንዳይመስላችሁ። ቤት ወይም የንግድ ድርሻ ካለ፣ ኑዛዜ ተገኝቶ አንዱ ከተቃወመው፣ የማይታወቅ ልጅ መጥቶ "እኔም ነኝ" ካለ፣ ሟች ዕዳው ከሀብቱ የሚበልጥ ከመሰለ፣ ወይም አንዱ ዘመድ ንብረቱን ይዞ አልሰጥም ካለ፣ ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ጥሩ ቦታ የዋለ ገንዘብ ነው። በተለይ ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። ወራሽ ያልሆነ ሰው ውርሱን ከያዘ፣ መብታችሁንና ንብረቱ መያዙን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለባችሁ። "ዘመድ ነው፣ ይታገሡት" እየተባለ ስንቱ መብቱ በይርጋ ቀርቶበታል።

መክፈል የማትችሉም ከሆነ በር አልተዘጋባችሁም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶችና ለሕፃናት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የአዲስ አበባን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የዳኝነት ክፍያ ለከበደው ሰውም በደሃ ደንብ ማመልከት የሚባል ሥርዓት አለ።

ከመፈረማችሁ በፊት

እኛ ያን ቀን ካፌ ውስጥ ሳንጠይቅ የቀረነውን እናንተ ጠይቁ።

የጥብቅና ፈቃድ አለዎት? የፌዴራል ጥብቅና በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱን ለማሳየት አይከፋውም። ጉዳይ ገዳይ ግን ነገሩ ሲበላሽ ስልኩን ይዘጋል።

ክፍያው ምን ምንን ይጨምራል? ምክር፣ አቤቱታ፣ ቀጠሮ፣ የፍርዱን ግልባጭ ማውጣት፣ ባንክ ድረስ መሄድ፤ እያንዳንዱ ይጻፍ። የዳኝነት፣ የጋዜጣና የትራንስፖርት ወጪ በማን እንደሆነም ይጻፍ።

15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ ገብቷል ወይስ ከላይ ይጨመራል? ደረሰኝስ ይሰጣሉ?

ክፍያው መቼ መቼ ነው? ከፊሉ ሲጀመር፣ ቀሪው ማስረጃው እጃችሁ ሲገባ ቢሆን ይሻላል። ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

ተቃዋሚ ቢመጣስ? ጉዳዩ ወደ ክርክር ከተለወጠ አዲስ ዋጋ ይኖራል ወይ? ይህን ያልጠየቀ ሰው በኋላ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙበት፣ አንዳንድ ቅጂ ይያዙ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይላሉ አባቶቻችን፤ እዚህ ላይ ሞኙን ትታችሁ ወረቀቱን ሁኑ። ደግሞም አንድ ጠበቃ ብቻ ጠይቃችሁ አትወስኑ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል። ይህንን የሚያውቁ ሰዎች አሉ።

በሕይወት ያለ ወላጅ ያላችሁም አንድ ነገር አድርጉ። ምን፣ የት፣ በማን ስም እንዳለ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ኑዛዜ ማድረግ ከፈለጉም ሕጉን ተከትሎ ይሁን፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። አንድ ምስክር ጎድሎ ኑዛዜው ፈርሶ ወንድማማች ያባላ ስንት አለ።

የእኛ መጨረሻ

ሁለተኛዋ ጠበቃ ታክሱን ጨምሮ 12 ሺህ ብር ቁርጥ አለችን። ይህ የእኛ ዋጋ ነው፤ የገበያ ዋጋ ነው ብላችሁ አትያዙት። እግሩን እኛው ሄድን። ወረዳ እኔ፣ ውልና ማስረጃ ወንድሜ፣ ምስክር አጎታችንና አንዲት የእናታችን ጎረቤት። ለማስረጃና ለመመላለሻ ወደ 4 ሺህ ብር ወጣ። በሦስተኛው ቀጠሮ ማስረጃውን ተቀበልን። ከ240 ሺህ ላይ 16 ሺህ ተነሥቶ 224 ሺህ ቀረ፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 56 ሺህ። ካፌ ውስጥ ከቀረበልን ዋጋ ጋር ሲተያይ፣ የዚያን ሰው ወጪ ሳንቆጥር እንኳ፣ ለእያንዳንዳችን 8 ሺህ ተረፈ።

የልጁ ድርሻ በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ገባ። ባንክ የሄድን ቀን አብሮን መጣ። ደብተሩን ገልጦ ስሙን አነበበ፤ ከዚያ የአባቱን ስም፤ ከዚያ ቀና ብሎ "እማማ ናት የሰጠችኝ?" አለኝ።

"አዎ፣ እማማ ናት" አልኩት። ካፌ ውስጥ ዝም ያልኩባት ሰዓት ያን ጊዜ ነው የመጣችብኝ። መልሱን እያየሁት መመለስ ስለቻልኩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ውድ አንባቢዎች፣ ጠበቃ ስትፈልጉ የአጎታችንን ሒሳብ አስታውሱ። ዋጋውን ስሙ፣ ወረቀት አውጡ፣ ለወራሾች ቁጥር አካፍሉ። ከዚያ "ስንተኛው ልጅ ሆኖ ነው የሚወርሰን?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ሌላ በር አንኳኩ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ፤ ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀረነውን ፍቅር ይስጠን።